ክብደት መቀነስ የሰለቸውን ሰው ስለ መውቀስ

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የውጭ አገር ከተሞች፣ ስለ ሰውነት ክብደት ጨዋታ በተነሣ ቁጥር አንድ ፍርድ ሳይመረመር ሲነገር ይሰማል፤ ይኸውም፣ ክብደቱን ሊቀንስ ቆርጦ የተነሣ፣ ለጥቂት ወራትም የተጋ፣ በኋላ ግን ሰልችቶትና ታክቶት የተወ ሰው፣ የተወው ፈቃደ ልቡናው ደካማ ስለ ሆነ ነው የሚለው ነው። አሠልጣኙ በጂም፣ ሐኪሙ በምርመራ ክፍል፣ ጎረቤት በቡና ላይ ይህንኑ ይላሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን፣ የሰለቸው ሰው ራሱ ፍርዱን ያለ ይግባኝ ተቀብሎ በገዛ ሕሊናው ላይ ማጽደቁ ነው። እኔ ይህ ፍርድ ሐሰት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐሰት ከመሆኑም በላይ ሰዎችን ከጤናቸው የሚያርቅ ስለ ሆነ፣ በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው አይመስለኝም። መሰልቸት፣ መጨረሻ በሌለው፣ ዕረፍት በማያውቅና ሰውን ከማዕዱ በሚለይ ሥርዐት ላይ የሰው ጠባይ የሚያቀርበው አቤቱታ ነው፤ አቤቱታም ሲቀርብ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ሥርዐቱ እንጂ አቤት ባዩ አይደለም።

የተቃራኒዎቼን ቃል ሳላጣምም ላቅርብ። እነርሱ የሚሉት፣ ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ያነሰ ምግብ ከተሰጠው ጉድለቱን ከስቡ እያነሣ መሙላቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሕጉም ለሁሉ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቀንሶ ሌላው ሳይቀንስ የቀረው፣ አንዱ ስለ ጸና ሌላው ስላልጸና ብቻ ነው። የዚህ ነገር መነሻው እውነት ነው፤ ስለ ሕጉ የሚከራከር ዐዋቂ የለም። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ወደ መድረሻው በተዘለለው ገደል ውስጥ ነው፤ ሕጉ የሚነግረን ስብ በምን ምክንያት እንደሚጎድል ብቻ ነውና፣ ምግቡ የተቀነሰበት ሰው በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚናፍቅ፣ ስለ ምን እንደሚታክት አንዳች አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ሰውን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል፤ የተመለከቱም ነበሩ።

በ1944 እ.ኤ.አ. መገባደጃ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ አንሰል ኪስ የተባለ የሰውነትን አሠራር የሚመረምር ሊቅ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶችን ሰብስቦ፣ በጦርነት የተራበው ሕዝብ በምን ዐይነት አመጋገብ ወደ ጤናው ሊመለስ እንደሚችል ለማወቅ ሲል፣ በፈቃዳቸው እንዲራቡ አደረገ። እነዚህ ወጣቶች ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሕሊናቸው ብለው የጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉ፣ የማያውቁት የተራበ ወገን ይጠቀም ዘንድም ራሳቸውን ለረኃብ የሰጡ ነበሩና፣ ጽኑ ፈቃድ የሚባል ነገር በሰው ልጅ ዘንድ የሚገኝ ከሆነ በእነርሱ ዘንድ ነበረ። ለ24 ሳምንታት ድንችና ሥራ ሥር፣ ዳቦና መኮሮኒ የመሰለውን፣ በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ብቻ እየተመገቡ፣ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተራመዱ፣ ከሰውነታቸው ክብደት ሩቡን ያህል አጡ። በልቡናቸው የደረሰው ግን በሥጋቸው ከደረሰው አላነሰም። ቀድሞ የሚወዱት ትምህርትና ክርክር ታከታቸው፤ ከባልንጀሮቻቸው ርቀው ለብቻቸው መቀመጥን መረጡ፤ ቶሎ የሚቆጡና የሚተክዙ ሆኑ፤ ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ ስላልቀረላቸው፣ አንዳንዶቹ ስለ ምግብ አሠራር የተጻፉ መጻሕፍትን እንደ ጸሎት መጽሐፍ እየደጋገሙ ያነቡ ነበር። ጥቂቶቹም የተሰጣቸውን ሕግ መጠበቅ ስላልቻሉ ከምርመራው ወጡ። ኪስና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ መዝግበው በ1950 እ.ኤ.አ. በሁለት ጥራዝ አሳተሙት።

እነዚያ ወጣቶች ከመጀመሪያው ወፍራሞች ስላልነበሩ፣ ስብ ያከማቸ ሰው የሚደርስበት ሁሉ በእነርሱ ልክ ነው አልልም። ነገር ግን ዛሬ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው የዳይት ዝርዝር በቀን 1,200 ካሎሪ ሲያዝ፣ የሚያዘው ያ ሊቅ የረኃብን ጠባይ ለማጥናት ብሎ ከወሰነው ምግብ ያነሰውን እንደ ሆነ አንባቢ ልብ ይበል። ለእምነታቸው ሲሉ የመንግሥትን ትእዛዝ የተቋቋሙ ሰዎች የታከቱበትን ነገር፣ ሥራ ውሎ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ ማታ ቤቱ የሚገባ፣ ልጆቹን የሚያስጠና፣ የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሰው ከዚያ በበረታ ትእዛዝ ሲታክትበት፣ ሰነፍ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? በምንስ ሥልጣን?

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ ደግሞ የድካሙን ሥር በሥጋ ውስጥ ገልጦ አሳይቶናል። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ፣ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን የሚሠራበትን ጂን አገኙ። ይህ ሆርሞን ከስብ ውስጥ እየመነጨ በጎተራው ስንት ስንቅ እንዳለ ለአንጎል የሚነግር መልእክተኛ ነው፤ ስቡ ሲጎድል መልእክቱ ይመነምናል፤ አንጎልም ባለቤቱ በፈቃዱ እየቀነሰ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ዘመነ ረኃብ እንደ ገባ ቈጥሮ፣ ረኃቡን ያበረታል፣ የሚወጣውንም ኃይል ይቈጥባል። በአውስትራሊያ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለአሥር ሳምንታት እጅግ ጥቂት ምግብ እየበሉ የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ረኃብን የሚቀሰቅሱትና ጥጋብን የሚያሳውቁት ሆርሞኖች ከዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳየ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬቪን ሆል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መርምረው፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያወጣው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አንሶ አገኙት። ፈቃድን በአደባባይ ለማሳየት የተዘጋጀ መድረክ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹ በሚሊዮን ተመልካች ፊት ላባቸውንና እንባቸውን አፍስሰዋል፤ አብዛኞቹም ካጡት ክብደት ብዙውን መልሰው አገኙት።

እንግዲህ የሥጋው ነገር ይህ ከሆነ፣ የነፍሱ ነገር ደግሞ አለ፤ በእኛ አገር ከሁሉ የከበደውም እርሱ ነው። የእኛ ሰው ምግብን የሚያውቀው በጋራ ማዕድ ነው። መሶቡ አንድ ነው፣ እንጀራው አንድ ነው፣ እጅ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይዘረጋል፤ ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ጉርሻን መመለስም ፍቅርን እንደ መመለስ ይቈጠራል። ክብደት ሊቀንስ የተነሣው ሰው ግን፣ ከውጭ አገር ተገልብጦ የመጣውን ዝርዝር ይዞ፣ ቤተ ሰቡ ሽሮና ጎመን ከብቦ ሲቀመጥ እርሱ በሰሐን የተቀቀለ እንቁላልና ቅጠል ይዞ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ይሄዳል። ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ «ጾም ነህ እንዴ?» ይባላል፤ በሠርግ ቤት ሳህኑን ሲያጎድል ባለቤቶቹ ቅር ይሰኛሉ፤ ጥቂት ቀነስ ሲል ደግሞ እናቱ ደንግጣ «ልጄ ምን ነካህ፣ ታመምክብኝ?» ብላ ታለቅሳለች፤ ሥጋ መልበስ በእርሷ ዘንድ የመድኀኒትና የበረከት ምልክት ሆኖ ኖሯልና ልትወቀስ አይገባትም። እንዲህ ያለ ሰው በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከወገኖቹ ይለያል። ከበረሃ ባሕታውያን ብዙዎቹ የተባሕትዎን ሕይወት የጀመሩት አስቀድመው በማኅበር ተፈትነው ነው፤ ይህ ሰው ግን በቤቱ መካከል ሳለ አንድ ቀን እንኳ ሳይለማመድ ባሕታዊ እንዲሆን ይታዘዛል፤ በአራተኛው ወር ሰልችቶኛል ሲል የምንሰማው የምግብ ስልቸታ ይመስለናል፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሰለቸው ብቸኝነቱ ነው። አሠልጣኙ ለዚህ የሚሰጠው መድኀኒት ሌላ የማነቃቂያ ንግግር ነው። ንግግሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ያሞቅ ይሆናል፤ መሶቡን ግን አይመልስለትም።

ስለ መሰልቸት ከዛሬ አሠልጣኞች ይልቅ ጠልቀው የመረመሩ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖሩ አበው ናቸው። ኤዋግርዮስ የተባለው መነኩሴ ሰውን የሚፈትኑትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር፣ ይህን ፈተና ከሁሉ የከበደ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ፀሐይን በሰማይ የቆመች የሚያስመስል፣ ቀኑን የሃምሳ ሰዓት ርዝመት የሚሰጠው፣ መነኩሴውንም ወደ ደጅ እያስወጣ እህል የሚቀመስበት ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረው በፀሐይ የሚያስለካው እርሱ ነው። ልብ እንበል፤ ይህ ፈተና የሚመጣው በተጋደለው ላይ ነው፤ ወደ በረሃ ያልወጣ ሰው አይፈተንበትም። አባ እንጦንስም፣ የመነኮሳት ሁሉ አባት ሲሆን፣ በበረሃ ተቀምጦ ሳለ በዚሁ ሐሳብ ተጨንቆ ወደ አምላኩ በለመነ ጊዜ፣ አንድ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግመኛም ተቀምጦ ሲታታ፣ ዳግመኛም ሲነሣ ማየቱና፣ ይኸው መልአክ እንደ ነበረ በአበው ዜና ተነግሯል። ለዚያ ታላቅ ሰው የተሰጠው መልስ ተግሣጽ አልነበረም፤ ጽና፣ በርታ፣ አንተ ደካማ አልተባለም። የታየው ሥራና ጸሎት፣ መቀመጥና መነሣት የሚፈራረቁበት ሥርዐት ነበረ። እንጦንስን ያልወቀሰ ሰማይ ካለ፣ የቢሮ ጸሐፊዋን የሚወቅስ አሠልጣኝ ከየት መጣ?

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ጥበብ በጾም ሥርዐቷ ውስጥ አኑራ አቆይታለች። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ እለምናለሁ፤ ጾም የነፍስ ሥራ እንጂ የወገብ መለኪያ አይደለምና፣ ለመክሳት የሚጾም ሰው ጾመ ማለት አይቻልም፤ ደግሞም ዘይትና ዳቦ የበዛበት የጾም ማዕድ እንኳንስ ሊያከሳ ሊያወፍርም ይችላል። እኔ የምናገረው ብዙ ሕዝብ ለብዙ ዘመን፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ሳይሰለች ራሱን ከመብል የሚገታበት ሥርዐት እንዴት ሊጸና እንደ ቻለ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚጀመርበትም የሚፈታበትም ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ጊዜውም አንድ ወጥ ሆኖ አልተዘረጋም፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና እየተባለ እያንዳንዱ ሰንበት በስሙ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ምንባብ፣ የራሱም ዜማ በጾመ ድጓው ተሠርቶለታል። ደብረ ዘይት ሲደርስ እኩለ ጾም መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከቀዳም ሥዑር በቀር በቅዳሜና በእሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቈየት የለም። ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው የቈዩበት ወራት በትንሣኤ ይፈታል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም። የታመመና ሕፃን በዐቅሙ ይታያል፤ የንስሐ አባትም ቀኖናውን በሰውየው ጉልበት ልክ ይሰጣል። ጾሙም የመላው ሰፈር ስለ ሆነ፣ ጿሚው ከመሶቡ አይለይም፤ መሶቡ ራሱ ከእርሱ ጋር ይጾማል።

አሁን ይህን ዛሬ በጂምና በየክሊኒኩ ከሚሰጠው ትእዛዝ ጋር ያነጻጽሩት። «ከእንግዲህ ወዲህ» ተብሎ ይጀመራል፤ እስከ መቼ እንደ ሆነ አይነገርም። የመጀመሪያው ሳምንትና የሃያኛው ሳምንት መልክ አንድ ነው፤ ያው ዝርዝር፣ ያው መሮጫ ማሽን፣ ያው ሚዛን። ሚዛኑም ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ ይቆማል፤ ቀደም ብዬ ባመለከትሁት የሰውነት ምላሽ ምክንያት መቆሙ የሚጠበቅ ነገር ሲሆን፣ ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ስለሌለ፣ ሰውየው ዋጋ ያጣ ድካም እንደሚደክም ይሰማዋል። በዓል የለው፣ እኩሌታ የለው፣ ፋሲካ የለው። እንዲህ ያለውን ሥርዐት የገዳም ሰው እንኳ አይችለውም፤ የገዳም ሰው እንዲህ ያለ ሥርዐት ተሰጥቶትም አያውቅ።

«ይህ ሁሉ ለሰነፍ ሰበብ መስጠት ነው፤ የተሳካላቸው አሉና» የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብብኝ ዐውቃለሁ። አሉ፤ ስለ እነርሱም የሚታወቅ ነገር አለ። በአሜሪካ ሬና ዊንግና ጄምስ ሂል በ1994 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት መዝገብ ውስጥ፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቈዩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በእግር የሚሄዱ ናቸው፤ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ያቈዩት ደግሞ መልሰው የመወፈራቸው ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ለወቀሳ የሚጠቅሱት ሰዎች ሳይመለከቱት ያለፉት ነገር ይህ ነው፤ ለብዙ ዓመት የቈዩት ሰዎች በየቀኑ ከራሳቸው ጋር የሚዋጉ ጀግኖች አይመስሉም፤ ኑሯቸውን ውጊያ እንዳያስፈልገው አድርገው ያደራጁ ሰዎች ይመስላሉ። በየማለዳው ፈቃዱን መጥራት የሚያስፈልገው ሰው አንድ ማለዳ ፈቃዱ ሳይመጣለት መቅረቱ አይቀርም፤ ያን ማለዳ ደግሞ የሕይወቱ ፍርድ አድርገን የምንቈጥርበት ምክንያት የለም።

ከዓለም ሁሉ ይልቅ ስለ ሥጋ ድካም ሊያስተምሩ የሚገባቸው የእኛው ሯጮችም ምስክሮቼ ናቸው። በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ የሚሠለጥኑት ልጆች በቡድን ይሮጣሉ፤ አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮረብታ፣ አንድ ቀን አስፋልት እያሉ መሬቱን ይለዋውጣሉ፤ ከከባዱ ቀን ቀጥሎ ቀላሉ ቀን ይመጣል፣ ዕረፍትም የሥልጠናው ክፍል ነው። የዓለምን ክብረ ወሰን የሚሰብር ሰው በየሁለተኛው ቀን በእርጋታ እንዲሮጥ ሲፈቀድለት፣ አምስት ኪሎ መቀነስ የምትፈልግ የሦስት ልጆች እናት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ማሽን ላይ፣ ለብቻዋ፣ በአንድ ፍጥነት እንድትሮጥ መፍረድ ምን ይባላል?

ዕረፍት በሥርዐት ሲሰጥ ጉዳት እንደማያመጣም ተመርምሯል። በአውስትራሊያ ከመጠን በላይ በወፈሩ 51 ወንዶች ላይ በተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ፣ እኩሌቶቹ 16 ሳምንታት በተከታታይ ምግባቸውን ሲቀንሱ፣ እኩሌቶቹ ያንኑ 16 ሳምንት ሁለት ሳምንት እየቀነሱ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ለክብደታቸው የሚበቃውን ያህል እየበሉ በዝግታ ፈጸሙት፤ ያረፉት 14 ኪሎ ያህል፣ ያላረፉት 9 ኪሎ ያህል ቀነሱ። በሌሎች ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ይህን ያህል ልዩነት ባያገኙም፣ ዐርፎ መቀጠል ተስፋ ቈርጦ ከመተው እንደሚሻል ለመረዳት ምርመራ አያስፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከሐኪሙና ከአሠልጣኙ ነው። የምግቡ ዝርዝር ከመጻፉ በፊት የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ይሁን፣ ከዚያም በኋላ ክብደቱን ባለበት ይዞ የሚያርፍበት ወራት ይከተል፤ ዕረፍቱም እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ ተራው የሥርዐቱ ክፍል ተቈጥሮ በዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። ዝርዝሩ ከመሶቡ ይነሣ፤ ሽሮው ዘይቱ ተቀንሶለት፣ ጎመኑና ምስሩ በዝቶ፣ እንጀራው ተመጥኖ፣ ቤተ ሰቡ ከሚቀርብበት ማዕድ ይበላ፤ ለዚህም ሚስትየዋ ወይም ባልየው፣ እናትየዋም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ምክሩን አብረው ይስሙ። በስድስተኛው ወር ሚዛኑ እንደሚቆም በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ሰልችቶኝ ተውሁት ብሎ የተመለሰ ሰው ሲገኝም፣ ለምን ተዉት ተብሎ ከሚመረመር ይልቅ፣ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰለቸዎት፣ ያን ጊዜ ምን ይበሉ ነበር፣ ከማንስ ጋር ይበሉ ነበር ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ተጽፎ፣ ቀጣዩ ሥርዐት በእርሱ ላይ ይሠራ።